«ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ»፦ ስለ አንዲት ስስ መጽሐፍና ስለ አንድ የስም መዝገብ

ለዚህ እትም ስለ አንዲት መጽሐፍ አስተያየቴን እንድጽፍ ስጠየቅ እሺ ያልኩት መጽሐፏን ስለምወዳት ብቻ አይደለም። መጽሐፏን ይዤ አንድ ልጅ ላይ ስለተሳሳትኩም ጭምር ነው። ስህተቱን ደብቄ መጽሐፏን ብቻ ብተች ደግሞ ሂሱ ጎደሎ ይሆናል።

መጽሐፏ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስትሆን ርዕሷ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ፤ ለመስክ ሠራተኞች መመሪያ» እንደ ማለት ነው። ያወጧት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዋር ትራውማ ፋውንዴሽን እና ወርልድ ቪዥን ኢንተርናሽናል ሲሆኑ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 2011 ነው። ስስ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምራ እሑድ ታልቃለች። እዚህ ካኩማ ከማውቃቸው መምህራን መካከል ስልጠና የወሰዱት ሁሉ ሌላው ሌላው ቢጠፋቸው ሦስቱን ቃላት አይረሱም፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። የመጽሐፏ አጥንት እነዚህ ናቸው። ቀሪው ሥጋ ነው።

መጀመሪያ ልመስክርላት። ብዙ መጽሐፍ ስለ ራሱ ሲናገር «ይህንንም ያንንም እችላለሁ» ይላል። ይህቺ ግን ምን እንዳልሆነች በግልጽ ትናገራለች። የባለሙያ የምክር አገልግሎት አይደለሁም ትላለች። ሰውን ቁጭ አድርጎ የደረሰበትን አንድ በአንድ ማስተረክም አይደለም። ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሊሰጠው የሚችል፣ ለተጨነቀ ሰው የሚደረግ ሰዋዊ እገዛ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሥነ ልቦና የሚባለውንም በአንድ ሴሚስተር፣ ያውም በሃንድአውት ነው የተማርኩት። «ዲግሪ ባይኖርህም የተቸገረ ሰው አጠገብ መቀመጥ ትችላለህ» የምትል መጽሐፍ ሳገኝ እንደ ትልቅ ስጦታ ነው የቆጠርኳት። «አታድርግ» ብላ የዘረዘረቻቸውም ወርቅ ናቸው። ታሪኩን እንዲነግርህ አታስገድድ። አታቻኩለው። የማታውቀውን ነገር ፈጥረህ አትናገር። የማትፈጽመውን ቃል አትግባ። የራስህን ችግር አታውራበት። ሌላ ሰው የነገረህን ለእሱ አትንገር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያው ተርም ስድስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ክፍሉ ውስጥ 112 ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ የሀገሬ ልጅ ነበረች፤ ሂሳብ ላይ እጇን ሳትጠራ የምታወጣ፣ መልሱን ሳትጠየቅ የምትናገር፣ «ዝም በይ» እያልኩ የማስቀምጣት ዓይነት። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመት ፕሮሰስ ላይ ቆይቶ በጥር መጨረሻ ፍላይት ወጣለት፤ ወደ አሜሪካ። እንደምታውቁት ፍላይት የወጣለት ቤት ዕቃውን ይሸጣል። አልጋው ተሸጠ፣ የከሰል ምድጃው ተሸጠ፣ ዶሮዎቹ ለጎረቤት ተሰጡ። እሷም ደብተሮቿንና ማስመሪያዋን ለጓደኞቿ አከፋፈለች። የመጨረሻ ቀን ክፍሉ ዘፈነላት። እኔም በዚያው ዕለት መዝገቡን አወጣሁና ስሟ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝ አደረግሁ። መዝገብ ማጽዳት ጥሩ የመምህር ጠባይ ነው ብዬ።

በዚያው ወር አሜሪካ የስደተኞችን ቅበላ አቆመች። ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀሩ። ከዚያ በኋላ በየብሎኩ የነበረውን ለቅሶ የሚመስል ነገር እናንተም አይታችኋል፣ አላብራራውም።

ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ከኋላ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ተቀመጠች። ልጆች አያዝኑም አይባልም፣ ግን ቀልድ ካገኙ አይምሩም፤ «አሜሪካ» ብለው ስም አወጡላት። እጇን ማውጣት ተወች። መናገርም ተወች። እኔስ ምን አደረግሁ? እዚህ ላይ ነው የማፍረው። አንድ ቀን ክፍሉ ሲንጫጫ ወደ እሷ እያመለከትኩ «ጨዋ ማለት እንደ እሷ ነው፤ ተማሩ!» አልኩ።

«ጨዋ» የሚለው ቃላችን ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንገቱን የደፋ፣ ቀና ብሎ የማያይ፣ ቢራብ የማይናገር፣ ቢመታ የማይከስ ልጅ ጨዋ ነው። አስቸጋሪውን ልጅ ሁላችንም እናየዋለን፤ ጮኾ፣ ተደባድቦ፣ ወንበር ሰብሮ ራሱን ያሳየናል። ዝም ያለውን ግን እንሸልመዋለን። መጽሐፏ «ተመልከት» ስትል ከባድ የጭንቀት ምልክት የሚታይበትን ሰው ፈልግ ማለቷ ነው። በተግባር ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደሚያለቅሰው፣ ወደሚንቀጠቀጠው ነው። እንዲህ ላለው መመሪያዋ ይሠራል። በእኛ ክፍል የሚያሰጋው ልጅ ግን ከበፊቱ የተለየው ነው፤ ለፍላፊ ሆኖ ዝም ያለ፣ ወይም ዝምተኛ ሆኖ የሚደባደብ። ይህንን ለማየት ደግሞ የበፊቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን የመጣ የመስክ ሠራተኛ የበፊቱን አያውቅም። መምህር ያውቃል፤ ቢያንስ ማወቅ ይገባዋል። ታዲያ ይህንን ትልቅ ጉልበታችንን መጽሐፏ አታነሳውም፤ በተለይ ለእኛ ስላልተጻፈች።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አንድ ስልጠና ወስጄ ስመለስ ድንገት በራልኝ። «ይህቺ ልጅ እኮ ደህና አይደለችም!» አልኩ። በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ ከኒም ዛፉ ሥር አስቀመጥኳት። መጽሐፏ ላይ እንዳለው በዝግታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመርኩ።

«ልሰማሽ ነው የጠራሁሽ። ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«ስለ ፍላይቱ ታስቢያለሽ?»

«ኧረ ምንም ቲቸር።»

«አይ፣ ንገሪኝ፤ ሲወጣልሽ ይሻልሻል።»

ድምፅ ሳታወጣ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች።

እንግዲህ ይፈረድ ከተባለ መጽሐፏ ነጻ ናት። «አታስገድድ» ብላለች፣ እኔ አስገድጃለሁ። ይሁንና ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣትም፤ ምክንያቴን ልናገር። መጨረሻ ላይ ለልምምድ የቀረቡ ሦስት ሁኔታዎች አሏት፦ የተፈጥሮ አደጋ፣ ግጭትና መፈናቀል፣ የመኪና አደጋን የመሰለ ድንገተኛ አደጋ። ሦስቱም ዛሬ የሆነ፣ ትኩስ ነገር ናቸው። የንግግር ምሳሌዎቿ ላይ ደግሞ ረጂው ራሱን ያስተዋውቃል፣ ይጠይቃል፣ ሰውየው ይመልሳል። የሀበሻ ልጅ ግን እንዲህ አይመልስም። ለትልቅ ሰው ሆድን መዘርገፍ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው፤ «ሆድ ይፍጀው» የምንል ሰዎች ነን። «ምንም» የሚለው መልስ ሲመጣ ምን ይደረግ? ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ይቻላል ትላለች መጽሐፏ፤ አላለችም አልልም። ግን ሳትሰፋው አልፋዋለች። ሰልጣኝ ደግሞ ከስልጠና የሚይዘው ምሳሌውን እንጂ ማስጠንቀቂያውን አይደለም። በበኩሌ «ምንም» ለምትለው ቃል ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ቢሰጣት ደስ ይለኛል።

ለነገሩ እኛ ይህንን ከማንም ሳንማር እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ «ምን ተሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገብተን እንቀመጣለን። ንፍሮ ይቀርባል፣ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ሐዘንተኛው ሲፈልግ ያወራል። ከዛፉ ሥር ያደረግሁት ከለቅሶ ቤት ወግ ያነሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከክፍል ስወጣ አጠገቧ የምትቀመጠው ተማሪ ተከትላኝ መጣች። ትንሽ አንገራገረችና «ቲቸር፣ አንተ እኮ ስሟን አትጠራም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ስገልጠው ገባኝ። ቀዩ ሰረዝ እንዳለ ነው። ልጅቷ ከተመለሰች ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኗታል፤ በየጠዋቱ 111 ስም እየጠራሁ፣ የእሷን እየዘለልኩ፣ እሷም ቁጭ ብላ እየሰማች። የመጣችም ያልመጣችም አይደለችም። አሜሪካም የለችም፣ ካኩማም የለችም። ከዛፍ ሥር «ምን ይሰማሻል» እያልኩ የምጠይቃት እኔው ነበርኩ።

በዚያው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው በተውሶ ምድጃ ቡና እያፈሉ ነበር። «ይግቡ ቲቸር፤ ልጄ ምን አጠፋች?» አሉኝ ደንግጠው። «ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ትሰማ ነበር። ቡናውን ሦስተኛ ድረስ ጠጥቼ፣ ስለ ፍላይት አንድም ቃል ሳናነሳ ወጣሁ።

በማግስቱ ከመዝገቡ መጨረሻ፣ ተራ ቁጥር 113 ላይ ስሟን ጻፍኩ። ስጠራት እንደ ሌሎቹ «ፕሬዘንት» በማለት ፈንታ «አቤት!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ትንሽ። ዳነች ልላችሁ አይደለም። ዛሬም አንዳንድ ቀን ትጠፋለች፣ «አሜሪካ» የሚላትም አልጠፋም። ግን በሳምንቱ ሂሳብ ላይ እጇ ወጣ፤ እንደ ድሮው ሳትጠራ።

ይህንን ሁሉ የተረክሁት መጽሐፏ ላይ ያለኝን ዋና ቅሬታ ለማሳየት ነው። ስለ ልጆች የምትናገርበት ክፍል ላይ ለአሳዳጊዎች ከምትሰጣቸው ምክሮች አንዱ የልጁን የዘወትር ፕሮግራም ጠብቁ የሚል ነው። በተቻለ መጠን ቀኑ እንደ ወትሮው ይሂድ ለማለት ነው። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ወርቅ የለም፤ የእኛ ሥራ ራሱ የዘወትር ነገር ነውና። ደወል፣ ሰልፍ፣ ስም ጥሪ፣ ደብተር ማረም፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ ተረኛ። መጽሐፏ ይህንን ሐሳብ ከዝርዝር መካከል አንድ መስመር አድርጋ ትታዋለች። በእኔ እምነት ለትምህርት ቤት መጀመሪያ መምጣት የነበረበት እሱ ነው፤ የመጀመሪያ ስሟም ከመጨረሻ ስሟም በፊት። በካምፕ ያለ ልጅ አንድ ትኩስ አደጋ አይደለም ያለበት። ራሽን ይቀነሳል፣ ከዚያ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላ ይቀነሳል። ለዚህ «የመጀመሪያ» የሚባል እርዳታ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛውና መቶኛው ያስፈልጋል።

«አገናኝ» የሚለውንም ብዙዎቻችን አጣመን ነው የተረዳነው። አገናኝ ሲባል ሪፈራል ጽፎ ወደ አማካሪ መላክ ብቻ ይመስለናል። ያ አማካሪ ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ «አገናኝ» ባዶ ቃል ሆኖብን እንተወዋለን። መጽሐፏን ደግሜ ሳነብ ግን ከቤተሰብና ከሚወዱት ሰው ጋር ማገናኘትንም እኩል ታነሳለች። የእኔዋን ልጅ ያገናኘችው ማን ሆነች? አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ። እኔን ራሴን ነው ያገናኘችኝ። እርግጥ ራሷን ልትጎዳ የምታስብ ልጅ፣ ወይም የተደፈረ ልጅ ሲገጥመን በዚያው ቀን ወደሚመለከተው ክፍል መውሰድ ግዴታ ነው፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል፤ ስልጠናዎቹ ላይ ስናስተረጉም የሚያጋጥመን ነውና። «ዌልቢዪንግ» የሚለውን ብዙ ጊዜ «ደህንነት» ብለን እንተረጉመዋለን። አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ «ዛሬ ስለ ልጆቻችሁ ደህንነት እንነጋገራለን» ብዬ ስጀምር አንድ አባት ድንጋጤ በተቀላቀለበት ድምፅ «መምህር፣ የምን ደህንነት ነው? እነሱ እዚህም ደርሰዋል እንዴ?» አሉ። ሳቅን፣ ግን ሰውየው እውነታቸውን ነበር። ከሀገር ያስወጣቸውን ነገር በዚያ ቃል ነው የሚያውቁት። ከዚያ ወዲህ «ልጆቻችን ደህና እንዲሆኑ» እላለሁ፤ ረዘም ቢልም ማንንም አያስደነግጥም።

«አይዞሽ»ስ? መጽሐፏ የውሸት ተስፋ አትስጥ ስትል አንዳንድ መምህራን «እንግዲያው አይዞህ ማለትም ተከለከለ» ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አይመስለኝም። «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ወር ትሄዳላችሁ» ውሸት ነው፤ እኔ ኤምባሲ አይደለሁም። «አይዞሽ» ብቻውን ግን ስለ ነገ የሚናገረው የለም፤ አለሁ ነው የሚለው። ልዩነቱን በእንግሊዝኛ ያሰቡት አዘጋጆች ሊያውቁት አይችሉም፣ እኛ ግን ስናስተምረው ለይተን ማስተማር አለብን። «የማታውቀውን አትፍጠር» የሚለው ሕግ ለስደተኛ መምህር እጅግ ከባዱ ነው። ልጆች ስለ ራሽን፣ ስለ ፕሮሰስ፣ ካምፑ ይዘጋል ስለሚባለው ወሬ ሲጠይቁን «አላውቅም» ማለት መምህርነታችንን የሚቀንስብን ይመስለናል።

መጽሐፏ የማታሰፋው ነገር አለ። የልጁ ጭንቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስላታል። በትምህርት ቤት ግን አስጨናቂውም ረጂውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት በዱላ፣ ከሰዓት በምክር። ኬንያ ውስጥ ተማሪን መግረፍ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግም ደግሞታል። ሕጉ አለ፣ ዱላውም አለ። እኔ ራሴ በኩርኩምና በአለንጋ ነው ያደግሁት፣ ማስተማር ስጀምርም የጎማ ቁራጭ ይዤ እገባ ነበር። ያስጣለኝ ስልጠና አይደለም። አንድ ልጅ ጥፍሩን ላይ ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ሲነሳ፣ እጄ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ፊቱን በክንዱ ሲሸፍን ማየቴ ነው። ጠመኔ ልሰጠው ነበር።

ስለ ረሃቡም ልበል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተባበሩት መንግሥታትና በረድኤት ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ የወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ እርዳታን በአራት እርከን ፒራሚድ ይስለዋል፤ ከታች፣ ሰፊው እርከን ላይ ያለው መሠረታዊ አገልግሎትና ጸጥታ ነው። ባለሙያ ሕክምና ጫፉ ላይ ነው፣ ጠባብ ነው። በ2025 ራሽኑ ሲቀነስ ከአራት ሰዓት በኋላ ዴስክ ላይ የሚተኙት ልጆች በዙ። እነሱን «ሰነፍ» ብሎ መቀስቀስ መመልከት አይደለም።

ስለ ረጂው ራስን መንከባከብ የምትለውን ምዕራፍ ሳነብ ግን ፈገግ አልኩ። የሥራ ሰዓትህን ገድብ፣ አልኮልና ካፌይን ቀንስ ትላለች። በኢንሴንቲቭ የሚኖር፣ 112 ደብተር የሚያርም ሰው ምኑን ይገድብ? ቡናውን ደግሞ በፍጹም አልቀንስም! ኢትዮጵያውያን ገበያ ውስጥ ከሥራ በኋላ ከሦስት መምህራን ጋር የምንጠጣት ሲኒ፣ መጽሐፏ በሌላ መስመር «ባልደረቦችህን ጠይቅ፣ እነሱም ይጠይቁህ» የምትለው ነገር ራሷ ናት። የሁሉን ሰው ችግር የመፍታት ኃላፊነት የለብህም የምትለዋን ግን ቆርጬ ደብተሬ ሽፋን ላይ ለጥፌያታለሁ።

እንግዲህ ትነበብ ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ ትነበብ። በተለይ «አታድርግ» የሚለው ዝርዝርና የልጆቹ ክፍል። ለልምምድ የቀረቡትን ሦስቱን ሁኔታዎች ግን ዝለሏቸውና የራሳችሁን ሦስት ጻፉ፤ ራሽን የተቀነሰበት ሳምንት፣ ፍላይቱ የቀረበት ልጅ፣ ስም የወጣለት ልጅ። እንግሊዝኛችሁ ከበረታ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ትምህርት ላይ የሚሠራው አይኔ የተባለው ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ መመሪያ አለ። እሱ በቀጥታ ለትምህርት የተጻፈ ነው፤ ለመምህር ከዚህችኛዋ ይቀርባል፣ ቋንቋው ግን የቢሮ ነው፣ ያደክማል። የትኛውንም ስታነቡ መዝገባችሁን አጠገባችሁ ክፈቱና ቀይ ሰረዞቹን ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር ከእሷ ሌላ ሁለት አገኘሁ። አንዱ በእርግጥ ወደ ከሎበየ የተዛወረ ነው። ሌላው በሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

የልጅቷ ስም አሁንም ከመዝገቡ መጨረሻ ነው። በሚቀጥለው ተርም አዲስ መዝገብ ሲመጣ በፊደል ተራዋ፣ ድሮ በነበረችበት በአስራ አራተኛው ላይ እመልሳታለሁ።